ክንፍ ቆራጩ

አባቴ አውሮፕላን የሠራው ጓሯችን ውስጥ፣ በእንሰቱና በአጥሩ መካከል ነው። ይህን ሳወራ አዲስ አበባ ያሉት የሥራ ባልደረቦቼ ይስቃሉ። የሆሳዕና ሰው ግን አይስቅም። በዕድሜ የሚበልጠኝ የከተማችን ሰው ሁሉ የአበራን አውሮፕላን ያውቃል። ግማሹ «በእጄ ነክቻታለሁ» ይላል፤ አንዳንዱ ደግሞ ስትበር አይቻለሁ ብሎ ይምላል። አልበረረችም። የማወራውም ለምን እንዳልበረረች ነው።

አባቴ የአውቶ መካኒክ አስተማሪ ነበር። ፕላኑን ያገኘው መናኸሪያው አጠገብ ከነበረ ኢንተርኔት ቤት ነው፤ መብራት በመጣ ቁጥር እየሄደ ጥቂት ጥቂት ገጽ እያሳተመ አጠራቀመው። ሞተሩን ባለቤቱ ተስፋ ከቆረጠበት ቮልስ አወጣ። አካሏን ከዝግባ ሠራ፤ ፕሮፔለሯን ከዋንዛ ጠረበ። ክንፎቿን ደግሞ አቡጀዲ አለበሳቸው። አቡጀዲውን የሰፋችው እናቴ ናት። የጆንያ መርፌ ይዛ፣ እግሯን ዘርግታ፣ ክንፉን እንደ ታማሚ ሰው ጭኗ ላይ አስተኝታ መዝሙር እየዘመረች ትሰፋ ነበር። እኔም እናቴ ከሁላችንም በላይ አውሮፕላኗን የምትወዳት መሰለኝ። እናቴ ስትደሰት ብቻ ሳይሆን ስትፈራም እንደምትዘምር ያወቅኩት አድጌ ነው።

የዚያ ጓሮ ሽታ አሁንም አፍንጫዬ ውስጥ አለ። የቫርኒሽ፣ የሰጋቱራና ጉድጓድ ውስጥ የሚብላላው የቆጮ ሽታ አንድ ላይ። ክረምት ሲመጣ አባቴ ክንፎቹን በላስቲክ ጠቅልሎ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ይሰቅላቸዋል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እሱ ከሥር ቆሞ ቀና ብሎ ያያል። እኔ ዝናብ የሚወድ ሰው አድርጌ ነበር የምቆጥረው።

ከተማው መጀመሪያ ሳቀ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እየተባለ ተተረተ። በኋላ ሞተሯ ተነስቶ ሰፈሩን ሲያንቀጠቅጠው ሳቁ ቆመ፤ ጥያቄው «መቼ ነው?» ሆነ። አባቴ ቀን ቆረጠ፤ ሞተሯ እምቢ አለውና አራዘመው። ደግሞ ቀን ቆረጠ፤ ሜዳው ጭቃ ሆነና አራዘመው። ያኔ «አበራ ነገ» የሚል ስም ወጣለት። ባጃጅ ነጂዎቹ ሳይቀሩ «ነገ! እንዴት አደርክ?» ይሉት ነበር። እሱም አብሮ ይስቅና ቤት ሲገባ ምሳውን ሳይጨርስ ይነሳል።

ሦስተኛው ቀን የተቆረጠው ሚሌኒየሙ በገባበት መስከረም፣ ለያሆዴ ማግስት ነበር። ያሆዴ ማለት የትም የሚሠራ የሃዲያ ልጅ ወደ ቤቱ የሚገባበት፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣው አውቶቡስ ሰው በሰው ላይ ጭኖ የሚመጣበት በዓላችን ነው። አባቴ «ሰው ሁሉ ባለበት» አለ። በቤተ ክርስቲያናችን ተጸለየለት። ከዶዮገናና ከዱራሜ ሰው እንደሚመጣ ተሰማ። ፈቃድ የሚባለውን ነገር ማንም አላነሳም፤ ላልበረረ ነገር ማን ፈቃድ ይጠይቃል።

እኔ ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ከሁሉም የባሰብኝም እኔ ነበርኩ። አውሮፕላኗ አንድ መቀመጫ ብቻ እንዳላት ዓይኔ እያየ፣ ከአባቴ ቀጥሎ እኔ፣ ከእኔ ቀጥሎ ኤልሳ እንደምንሳፈር ለክፍላችን ልጆች ሁሉ አውርቻለሁ። ኤልሳ ጓደኛዬ፣ የጎረቤታችን የጋሼ ዘርአብሩክ ልጅ ናት።

ጋሼ ዘርአብሩክ ከመንዝ በመምህርነት መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ነበሩ። የሰፈራችን እድር ዳኛም እሳቸው ናቸው። ቀብር ላይ ያረፈደን ሰው በዓይናቸው ብቻ የሚያሳፍሩ፣ ካኪ ኮታቸውን በጋ ከክረምት የማያወልቁ ሰው። ማታ ማታ በርጩማቸውን ይዘው ጓሯችን ይመጡና ከአባቴ ጋር ስለ ክብደት፣ ስለ ርዝመት ይከራከራሉ። አባቴ በዓለም ላይ እሳቸውን ብቻ ይፈራ ነበር መሰለኝ።

የያሆዴ ዕለት ከሰዓት በኋላ ቤታችን በእንግዳ ተሞልቷል። እናቴ ለእንግዶቹ በቅቤ የራሰውን የእንሰት ምግብ፣ አታካናን፣ ታቀርባለች፤ እኔ ከጫጫታው ሸሽቼ ጓሮ ሄድኩ። አባቴ ክንፎቹን ከላስቲኩ አውጥቶ እየፈተሸ ነበር። ዋናውን አግዳሚ እንጨት፣ ማለትም ክንፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሸከመውን፣ በአውራ ጣቱ እየተጫነ ጆሮውን ያስጠጋል። ከዚያ ከኪሱ ምላጭ አወጣ። ሁለቱ ጣውላዎች በኮላ የተጣበቁበት መስመር ላይ ቢያስጠጋው ምላጩ ሳይገፋ ገባ። ወደ ሌላ ቦታ ሄዶ ሞከረ። እዚያም ገባ።

«ምንድን ነው አባዬ?» አልኩት።

«ቆሻሻ ነው» አለኝ።

እኔም አመንኩት። አባቴ ለነገ አውሮፕላኗን እያጸዳ ነው። ምላጩን መልሶ ኪሱ ከተተና የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠ። እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ረጅም ጊዜ ቆየ። ደክሞት ነው አልኩ።

ፕላኑ የሚያዘው ማጣበቂያ ሁለት ዓይነት ተደባልቆ የሚሠራ፣ ውሃ የማይገባው ነበር። እሱን ማግኘት ስላልቻለ አናጺ ሁሉ ወንበር በሚያጣብቅበት ኮላ ሠራው። በጋውን ሙሉ እንደ ድንጋይ ጸንቶ ነበር። የሆሳዕና ክረምት ግን ላስቲክ አያቆመውም፤ እርጥበቱ ቀስ እያለ ገብቶ ኮላውን ፈታው። ይህን ዛሬ አውቃለሁ። ያን ለማስተካከል ክንፉን ከሥሩ አፍርሶ እንደገና መሥራት ያስፈልግ ነበር።

አባቴ እጁን ታጠበ፣ ኮቱን ለበሰና ወደ ጋሼ ዘርአብሩክ ቤት ሄደ። እኔም ኤልሳን ላገኝ ተከተልኩት። ኤልሳ ገላዋን እየታጠበች ስለነበር በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅኳት። የሳሎኑ መስኮት ክፍት ነበር።

«እንግዲህ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አሉ ጋሼ ዘርአብሩክ። «ንገራቸዋ።»

«ለሦስተኛ ጊዜ?» አለ አባቴ። «ጋሼ፣ ከዶዮገና የመጣው ሰው በዘመድ ቤት አድሯል። ተማሪዎቼ ፊት እንዴት ብዬ ነው የምቆመው?»

«ታዲያ ልትሞት ነው?»

 የጋሼ ወንበር ሲንቋቋ ተሰማኝ።

«ሽማግሌ ቢለምንህስ?»

«እርስዎ ከለመኑኝማ እምቢ የምልበት አፍ የለኝም።»

«አይ፣ መጀመሪያ እምቢ ማለት አለብህ። ሰው ፊት ነው የምንለምንህ። አንተ እምቢ ትላለህ፣ እኛ እንለምናለን፣ ደግሞ እምቢ ትላለህ። አጎትህን ሽብሩንና ወንጌላዊ አጵሎስን ይዤ እመጣለሁ። ምክንያቱን ለእነሱም አልነግራቸውም።»

«ሰዉ እኮ እርስዎን ነው የሚጠላው።»

«ሰውን እኔ አውቀዋለሁ።»

እኔ ከዚህ ሁሉ የገባኝ ሠርግ ነው። በሰፈራችን ሽማግሌ የሚላከው፣ ሴት ወገን አንዴ ሁለቴ እምቢ ብሎ የሚለመነው ለጋብቻ ስለሆነ፣ አንዷ ዘመዳችን ልታገባ ነው ብዬ ደመደምኩ። ኤልሳ ፀጉሯ እየተንጠባጠበ ስትወጣ «ሚስጥር ልንገርሽ፣ ሠርግ አለብን» አልኳት። የምንለብሰውን ቀሚስ ስንመርጥ አመሸን።

በማግስቱ ክንፎቹን የአባቴ ተማሪዎች በትከሻቸው ተሸክመው፣ አካሏ በጋሪ እየተጎተተ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ሜዳ ወረድን። እንደዚያ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም። ነጭ የለበሱ እናቶች፣ ከአዲስ አበባ የመጡ ካሜራ የያዙ ጎረምሶች፣ ማስቲካና ቆሎ የሚያዞሩ ልጆች። ዛፍ ላይ የወጣም አለ። እናቴ አልመጣችም። ወጥ ስለጣደች ነው የቀረችው ብዬ ተናደድኩባት። እናቴ ግን የዚያን ዕለት ከአልጋዋ አጠገብ ተንበርክካ ትጸልይ ነበር፤ አባቴ ምላጩ እንዴት እንደገባ ሌሊቱን ነግሯታል።

ክንፎቹ ተገጠሙ። አባቴ የሞተር ሳይክል ሄልሜት አድርጎ ገባ፤ አንድ ተማሪው ፕሮፔለሩን በእጁ ሲመታው ሞተሩ ጮኸ። ሜዳው በሙሉ አብሮ ጮኸ። አውሮፕላኗ እየዘለለች እስከ ሜዳው ጫፍ ሄደች፤ አልተነሳችም፤ ዞራ ተመለሰች። «እየሞከረ ነው» ተባለ። ደግሞ ሄደች፤ ደግሞ ተመለሰች። በዞረች ቁጥር አባቴ አንገቱን አስግጎ ወደ ከተማው መንገድ ያያል። እናቴን እየፈለገ መስሎኝ «አትመጣም! ሂድ!» እያልኩ ጮኽኩ። ድምፄ እንኳን እሱ ጋ፣ አጠገቤም አልደረሰም።

የሚያየው ሽማግሌዎቹን ነበር። ዘግይተዋል። የሰዉ ብዛት መንገዱን ዘግቶባቸው፣ የተሳፈሩበት ባጃጅ ጭቃ ውስጥ ገብቶባቸው በእግራቸው እየመጡ ነበር።

ሰዉ መሰልቸት ጀመረ። ከኋላ አንዱ «ነገ!» ብሎ ጮኸ። ሳቅ ሆነ። ሌሎችም ተቀበሉት፤ «ነገ! ነገ! ነገ!» እያሉ በጭብጨባ ሜዳውን አናጉት። አባቴ አውሮፕላኗን ወደ ረጅሙ የሜዳው አቅጣጫ አዞራት። ቀበቶውን ሲያጠብቅ አየሁት። ወደ መንገዱ ማየቱን አቆመ። ሞተሩ ከዚያ በፊት ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ ጮኸ፤ የልቤ ደስታ ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ሆኖ አያውቅም።

ያኔ ነው ሕዝቡን ሰንጥቀው የወጡት። ጋሼ ዘርአብሩክ ከፊት፣ የአባቴ አጎት ሽብሩና የቤተ ክርስቲያናችን ወንጌላዊ አጵሎስ ከኋላ፤ ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ጭቃ፣ በእጃቸው እርጥብ ሳር። ጋሼ ሳሩን ወደ ላይ ከፍ አድርገው የሚሽከረከረው ፕሮፔለር ፊት ቆሙ። ነፋሱ ኮታቸውን ወደ ኋላ ይገፋዋል። አባቴ ሞተሩን ወዲያው አላጠፋውም። ቆየ። እኔ ገጭቷቸው እንዲሄድ ፈለግኩ። በመጨረሻ ሞተሩ አንዴ አስነጥሶ ዝም አለ።

«አበራ» አሉ ጋሼ፣ ሁሉም እንዲሰማ ክፍል ውስጥ በሚያስተምሩበት ድምፃቸው። «ልንለምንህ መጥተናል። ተው ይቅርብህ።»

«ጋሼ፣ ዛሬ አይሆንም» አለ አባቴ።

«እድራችን ታሞ የሞተ ቀብሯል፣ አርጅቶ የሞተ ቀብሯል። ከሰማይ የሚወድቅ ሰው ለመቅበር ግን አልተሰናዳንም።»

አንዳንድ ሰው ሳቀ። አባቴ «አልወርድም» አለ። የአባቴ አጎት ሽብሩ «የወንድሜ ልጅ፣ ወንድሜን ቀብሬያለሁ፣ አንተን አታስቀብረኝ» አሉ፤ እሳቸው ምንም ስለማያውቁ ከልባቸው ነበር። አባቴ ለሁለተኛ ጊዜ እምቢ አለ። ያኔ ሦስቱም ጭቃው ላይ ቁጭ አሉ። «ካልሰማኸን አንነሳም» አሉ ጋሼ።

በእኛ አገር ሽማግሌ ሳር ይዞ መሬት ላይ ተቀምጦ ሲለምን እምቢ የሚል ሰው፣ ከዚያ በኋላ ማንም ደጁን አይረግጥም። አባቴ ወረደ። ሄልሜቱን አውልቆ የጋሼን ጉልበት ሊስም ተደፋና አለቀሰ። እንደ ልጅ ድምፅ አውጥቶ።  አባቴን ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ዕድሜውን ያፈሰሰበትን ነጠቁት ብዬ እኔም አለቀስኩ። እሱ ግን ያለቀሰው ሽማግሌዎቹ ስለደረሱለት ነው።

ጋሼ ዘርአብሩክ «ለቃልህ መያዣ» ብለው ፕሮፔለሩ እንዲፈታ አዘዙ። በትከሻቸው ተሸክመውት በመጡበት ሄዱ። ሰዉ ከሩቅ የመጣበትን ልፋት ሁሉ እሳቸው ላይ አወረደው። «ቀንተህ ነው!» አለ አንዱ። «ከሰው አገር መጥተህ የእኛ ልጅ ሲበር ማየት አቃተህ!» አለ ሌላው። ጭቃ ተወረወረ፤ ካኪ ኮታቸው ጀርባ ላይ ሲያርፍ አየሁ። ኤልሳ አባቷን ተከትላ እየሮጠች ነበር። «ክንፍ ቆራጭ!» የሚለውን መጀመሪያ ማን እንዳለው አላውቅም። የወሰዱት ፕሮፔለር ነው እንጂ ክንፍ አልቆረጡም፤ ስም ሲወጣ ግን ማን ይመረምራል።

«አበራ ነገ» በዚያው ቀን ሞተ። አባቴ ከዚያ ወዲህ ሊበር ሲል በሽማግሌ የታገደው ባለ አውሮፕላኑ አበራ ነው። ሰው ቆሞ ይጨብጠዋል። ጋሼ ዘርአብሩክ በሚቀጥለው የእድር ምርጫ ወረዱ። ኤልሳ «የክንፍ ቆራጩ ልጅ» ስትባል ሰነበተችና እናቷ እትዬ እህተማርያም ሌላ ትምህርት ቤት አስገባቻት። አባቴ ከዚያ በኋላም ለበዓል እነሱ ቤት ይሄድ ነበር፤ ሰዉም ይህን ሲያይ «ቂም የማያውቅ» አለው።

እውነቱን የነገረችኝ እናቴ ናት፤ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ስመጣ። አቡጀዲውን ለትራስ ልብስ ብላ ስትፈታው ክንፉ በእጇ ለሁለት እንደተገነጠለ ነገረችኝ።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልተናገራችሁም?»

«አባትሽ በየዓመቱ ለዚህ ያሆዴ እናገራለሁ ይለኛል» አለች።

«ባይደርሱ ኖሮስ? ሽማግሌዎቹ?»

«ይነሳ ነበር። ራሱ ነው የነገረኝ። ‹ሰዉ ሲያጨበጭብ ክንፉን ረስቼው አይደለም፤ ክንፉን እያሰብኩት ልነሳ ነበር› አለኝ።»

ያን ሰሞን ጋሼ ዘርአብሩክን ቤታቸው ሄጄ ትከሻቸውን ሳምኩና እንዳወቅኩ ነገርኳቸው። አላስደነቃቸውም። «አባትሽ ስንቱን ልጅ ባለሙያ ያደረገ መምህር ነው» አሉኝ። «እኔ ጡረተኛ ነኝ። ስም ምን ያደርግልኛል?»

እትዬ እህተማርያም ከጓዳ ሆና «ለአንተ ባያደርግልህ ለልጅህስ?» አለች። ጋሼ ያልሰሙ መስለው ስለ ሥራዬ ጠየቁኝ። ኤልሳ ያኔ ሐዋሳ ነበረች፤ ለእሷም አልነገሯትም። ለአባቴ ቃል ሰጥተዋላ።

አምና አረፉ። ከቀብር መልስ የእድሩ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሳለ አባቴ ተነሳ። አርጅቷል፤ የወንበሩን መደገፊያ ይዞ ነው የቆመው። ሰዉ የሚያጽናና ቃል ሊናገር ነው ብሎ ጸጥ አለለት።

«ጋሼን ሽማግሌ ያደረግኳቸው እኔ ነኝ» አለ። «ክንፉ ተበላሽቶ ነበር። በዋዜማው እቤታቸው ሄጄ አስቁሙኝ አልኳቸው። እናንተን አፍሬ ነው። ስድቡ የእኔ ነበር፤ እሳቸው ተሸከሙልኝ።»

ድንኳኑ ውስጥ ሹክሹክታ ሄደ። ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ራሳቸውን እየነቀነቁ «እግዚአብሔር ይስጥህ» አሉ። «ለሞተ ሰው ስም እንዲህ ነው የሚቆመው። በድሎህ እንኳ።»

«አልበደሉኝም። እውነቴን ነው የምለው።»

«እናውቃለን አበራ፣ እናውቃለን» አሉ እጁን እየዳበሱ። ከኋላዬ አንዲት ሴት «ጨዋ! ክንፉን ለቆረጠው ሰው!» ብላ ዓይኗን ጠረገች። አባቴ ደግሞ አፉን ከፈተ። ሰዉ ግን እንዳይደክመው ደግፎ አስቀመጠው።

ኤልሳ ጥቁር ነጠላዋን እንደተከናነበች መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ከልጅነታችን ወዲህ እንደዚያ ተጠግታኝ አታውቅም።

«እውነት ነው?» አለችኝ።

«እውነት ነው።»

«አባቴ በሕይወት እያለ ምነው ሳትናገሩ ቀራችሁ?»

 ትንሽ አየችኝና ሰው ልታስተናግድ ተነሳች። የእድሩ ልጆች ንፍሮ ማዞር ጀምረው ነበር። ከፊት ያሉት ሽማግሌ ትሪውን አስቁመው «ለአበራ አስቀድሙ» አሉ፤ አባቴም ሁለት እጁን ዘርግቶ ተቀበለ።